ሁለት ጀልባ ቆቃ ላይ

“ነፍሳቸውን ይማርና እነ አቶ ደጋጋ፣ እነ ሐጂ ዓብዱልቃድር የመሠረቱትን እድር በሁለት ጀልባ ልትከፍለው ነው?” አሉ ጋሽ ገብረሃና፣ አንድ እግራቸውን ጀልባው ውስጥ፣ ሌላውን የቆቃ ሐይቅ ዳርቻ ላይ እንዳደረጉ።

ጀልባው ወዝወዝ ሲል ባለጀልባው ክንዳቸውን ያዘ። እርሳቸው ግን አልገቡም፤ አልወጡምም።

“ኧረ ይግቡ ጋሼ፣ ይወድቃሉ!” አለ ናኦድ። የእድሩን የዘንድሮ ሽርሽር ያሰናዳው እርሱ ነበር። “ማለቴ፣ ማንም እንዳይቸገር ብዬ ነው። እዚህ የክርስቲያን ሥጋ አለ፣ እዚያኛው ላይ የሙስሊም። በቃ፣ ሁሉም ነጻ ሆኖ እየበላ ይንሸራሸራል።”

ሽማግሌው ወደ ሁለተኛው ጀልባ ተመለከቱ። ካዛንቺስ ሳሉ አንድ ግድግዳ ይጋሯቸው የነበሩት ጎረቤታቸው እትዬ ዘሃራ እዚያ ተቀምጠዋል። ሰፈሩ ፈርሶ ዘሃራ ወደ ጎተራ፣ እርሳቸው ወደ ከተማው ዳር ከሄዱ ወዲህ፣ ከዚያ ሁሉ ጉርብትና የቀረው ይኸው እድር ነው። ዛሬ በየጀልባቸው ከበሉ፣ ከርሞ በየቤታቸው መቅረታቸው አይደለምን?

“አባቶቻችን ለሽርሽር ሥጋ ይዘው አይወጡም ነበር፤ ዓሣ ነበር የሚያስጠብሱት። ለምን ይመስልሃል?”

“ርካሽ ስለነበረ?”

“ዓሣን ማን አረደው ተብሎ አይጠየቅማ! ሁሉም ከአንድ ትሪ እንዲበላ ነው።”

“ናኦድዬ!” ሲሉ ተጣሩ እትዬ ዘሃራ ከወዲያ። “አፍንጫህን እየጠረግሁ አሳድጌህ፣ ዛሬ መሃላችን ውኃ አስገባህ?”

ሁለቱም ጀልባ በሳቅ ተናጠ። ናኦድ አፈረ።

“እትዬ፣ እርስዎን ለማክበር ብዬኮ ነው።”

“ማክበሩንስ አከበርከኝ። ታዲያ የማንን እጅ ልጉረስ? እንደ ድሮው የዓሣ አጥንትስ ማን ይልቀምልኝ? ዓይኔ ደክሟል።”

“ውሸቷን ነው!” አሉ ጋሽ ገብረሃና። “ዓይኗ ከእኔ ይሻላል። ስንፍና ነው።”

“እስቲ ስድቡን እንኳ ቀረብ ብለህ ስደበኝ!”

ዳግመኛ ተሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ምሳውን የከፈተ ሰው አልነበረም። ናኦድ አንዱን ጀልባ አየ፤ ሌላውንም አየ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ወደ ውኃው ወረደና የሁለቱንም ጀልባ ሥጋ እየተሸከመ ወደ መጡበት አውቶቡስ መለሰው።

“ሁላችሁም ውረዱ፤” አለ ሲመለስ። “መጀመሪያ እዚሁ አብረን እንበላለን። ከዚያ ማንም በፈለገው ጀልባ ይሄዳል። ከዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ ዓሣ ልግዛ።”

ጥቂት ራመድ እንዳለ ቆመ፤ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

“ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ። ለያይቼ ያከበርኳችሁ መስሎኝ ነበር።”