እማዬ ከወንዙ ማዶ

«ሩጡ፣ ሩጡ! እማዬ ቀድማን ከደረሰች አለቀልን!»

እስከዳር ይሄን የምትለው ራሷ እየሮጠች ነው። በአንድ እጇ ፌስታል፣ በአንድ እጇ የአራት ዓመቱን ወንድሟን ቴዎፍሎስን ይዛ ትበራለች። የሰባት ዓመቷ ገሊላ ግን ነጠላዋን ሰብስባ፣ እንደ ትልቅ ሴትዮ ቀስ እያለች ከኋላ ትመጣለች። ዛሬ ቆርባለቻ!

«የቆረበ ሰው አይሮጥም።»

«ማነው ያለው?»

«የኔታ። አይሮጥም፣ አይተፋም፣ ጫማ አያወልቅም፣ አይጣላም...»

«በቃ እሺ፣ ቅድስት ገሊላ! አይጣላም ካልሽ አትጨቅጭቂኝ!»

ወይኔ፣ እስከዳር ይቺን እሁድ እንዴት እንደጠበቀቻት! እናትና አባታቸው ከተለያዩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እናታቸው ይመኙሻል ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው። ለፍልሰታ የሁለት ቀን ፈቃድ አግኝታ ትናንት እናቷ ቤት መጥታለች፣ ከወንዙ ማዶ። ነገ በጠዋቱ መኪና ትመለሳለች። የአባታቸውን መንደር ላትረግጥ ምላለች። አባታቸውም ልጆቹ ከወንዙ ማዶ ማደራቸውን አይወድም። ወንዝ ዳር ሽርሽር ግን ማን ይከለክላል? በስልክ ይሄን የፈጠረችው አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት እስከዳር ናት! ልክ ቲክቶክ ላይ እንደሚያሳዩት፣ ሣር ላይ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ተቀምጦ፣ ተበልቶ፣ ተስቆ። እርግጥ መንዝ ክረምት ላይ ፀሐይ የለም፣ ጭጋግ ነው። ምግቡም የጾም ነው። ድንች ቅቅል ከነሚጥሚጣው፣ የገብስ ቆሎ፣ በሃይላንድ የተሞላ ሱፍ። ሁሉም ከቤት ነው። የተገዛው ከረሜላ ብቻ ነው፣ ያውም ስድስት ፍሬ።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ጭጋጉ ትንሽ ገለጥ አለ። ማዶ፣ ድንጋይ ላይ፣ ነጭ ነጠላ!

«እማዬ! እማዬ! እማዬ!»

ይመኙሻል ብድግ አለች፣ ጭኗ ላይ ያለው ጥቅልል ሊወድቅ ነበር። ወንዙ ደፍርሷል፣ ግን ሌሊት ብዙ ስላልዘነበ ከጉልበት አያልፍም፣ መርገጫ ድንጋዮቹም ይታያሉ።

«ተሻገሪ እማዬ!»

«እናንተ ተሻገሩ እንጂ! ቴዎን እዘዪውና ነይ!»

«አይ፣ አንቺ ነይ! እነሱ ቆርበዋል!»

ይመኙሻል ወደ ውሃው ዳር ቀረበች።

«ቆርበዋል?»

«አዎ! ደስ እንዲልሽ ብዬ!»

ይመኙሻል ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «እኔም ቆርቤያለሁ እስኬ! እናንተ ትሻገራላችሁ ብዬ እኮ ነው!»

ቴዎ የእስከዳርን ነጠላ ጎተተ። «ምን አለች?»

ገሊላ መለሰችለት። «የቆረበ ወንዝ አይሻገርም።»

እስከዳር መጀመሪያ ሳቀች። እንዴት አይሳቅ! ሁለቱም ወገን አምሮ፣ ሁለቱም ወገን ቆርቦ፣ መሐል ላይ ወንዝ። ከዚያ ፌስታሉን ሣሩ ላይ አስቀመጠች።

ሽርሽሩ ግን ቀረ? አልቀረም። ወዲህ ጨርቅ ተነጠፈ፣ ወዲያም ተነጠፈ። እኩል ባረኩ፣ እኩል ጎረሱ። የሚያወሩት ግማሹን ወንዙ ይወስድባቸዋል።

«እማዬ፣ ድንች ትፈልጊያለሽ?» ቴዎ ድንቹን ወደ ላይ አነሣ።

«ጠግቤያለሁ የኔ አንበሳ! አንተ ብላልኝ!»

«እማዬ፣ ጥርሴ ወለቀ!» ገሊላ አፏን እስከ ጆሮዋ ከፈተችው።

«አየሁት! አየሁት! እንዴት ያምራል!»

ከዚያ ርቀት ጥርስ አይታይም። እስከዳር ታውቃለች።

ቴዎ ድንቹን አስቀመጠ። «እኔ ልሻገር። ማንም አያይም።»

«እግዚአብሔር ያያል» አለች ገሊላ።

«እግዚአብሔር እማዬን ያውቃታል።»

ገሊላ እጁን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

ይሄኔ ይመኙሻል ከማዶ ተጣራች። «አንቺስ እስኬ? አንቺም ቆርበሻል?»

«አልቆረብኩም! ጠዋት የድንቹን ጨው ቀመስኩ!»

«ጎሽ! ጎሽ የኔ ሆዳም! በይ ነያ! ነይልኝ!»

እስከዳር ጫማዋን መቼ እንዳወለቀች አታውቅም። ውሃው ሲነካት ብርዱ አጥንቷ ድረስ ዘለቀ፣ ግን ማን ግድ ሰጥቶት! አንድ ድንጋይ፣ ሁለት ድንጋይ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፀጉር የምትሠራው፣ ንፍጥ የምትጠርገው፣ «እማዬ ትመጣለች» የምትለው እሷ ናት። አሁን ግን እናቷ አንገት ሥር ገብታ፣ ልክ እንደ ቴዎ ትንሽ ሆና፣ ምንም ሳትናገር መቆየት ነው ያማራት። ሦስት ድንጋይ ቀራት። የእናቷ ሁለት እጅ ተዘርግቷል። የነጠላው ጥለት አረንጓዴ መሆኑ ሁሉ ይታያል።

ከኋላዋ ድምፅ የለም። ቢያለቅሱ ኖሮ ትሄድ ነበር። ዘወር አለች።

ሁለቱ ልጆች ውሃው አፋፍ ላይ ቆመዋል። ገሊላ የወንድሟን ነጠላ ከኋላ ጨብጣለች። ቴዎ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቷል፣ አንድ ሰው ብድግ ሊያደርገው አጠገቡ የቆመ ይመስል።

«ምን ሆንሽ? ነይ እንጂ የኔ ልጅ!»

«እማዬ፣ ነገ መኪናው እናንተ ጋ ስንት ሰዓት ነው የሚያልፈው?»

«አሥራ ሁለት። ምነው?»

«በቃ ነገ። ሦስታችንም። ነገ ያቅፉሻል፣ እኔም ያኔ አቅፍሻለሁ።»

«ሌሊት ዘንቦ ወንዙ ቢሞላስ እስኬ?»

እስከዳር ወደ ሰማዩ አየች። ሁለት ድንጋይ ተራምዳ የመጨረሻው ላይ ቆመች። እጇን ዘረጋች፣ እናቷም ከዳር ጎንበስ ብላ ጥቅልሉን አቀበለቻት። ጣታቸው ተነካካ። የሁለቱም ጣት በረዶ ነበር።

ጥቅልሉ ውስጥ አዲስ ብርድ ልብስ ነበር፣ ቀይ፣ ወፍራም። ማታ ሦስቱ አንድ ላይ ሊተኙበት ሲሉ ገሊላ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር መፍታት ጀመረች።

«ተዪው» አለቻት እስከዳር። «ዛሬ ጫማ ሳናወልቅ ነው የምንተኛው።»

«ስለ ቆረብን?»

«አይደለም። ስንነሣ ጫማ ስንፈልግ እንዳንዘገይ ነው።»

ቆርቆሮው ላይ አንድ ጠብታ ጠብ አለ። ከዚያ ሌላ። እስከዳር ጎንበስ ብላ የቴዎን ክር ፈታችና እንደገና አጥብቃ አሰረችው።