ለአባቷ እግር የሚሆን ወለል

አዋላጇ ነርስ ነገር ማንዛዛት አትወድም። ሃያ ዓመት ሙሉ በማዋለጃ ክፍል ውስጥ «አይዞሽ፣ አሁን ግፊ» ስትል የኖረች ሴት፣ እቤቷ ስትገባም መወሰን አይከብዳትም። ስለዚህ አንድ ጠዋት አባቷ የሳሎኑ ፕላስቲክ ምንጣፍ ጠርዝ ጠልፏቸው ሲወድቁና የእጃቸው አንጓ ሲያብጥ፣ እጃቸውን በፋሻ እየጠቀለለች «ይሄ ወለል ከዚህ ቤት ይወጣል» አለች። በቃ፣ ነገሩ አለቀ።

አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ከነጠቃቸው ወዲህ ልጃቸው ዘንድ ገብተው፣ መስኮቱ ሥር ባለች ወንበር ላይ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ይውላሉ። «ምን ልታዘዝ?» ይሉ የነበሩ ሰው አሁን «ምን አስቸገርኩ?» ማለት አብዝተዋል። ልጃቸውን አንጀቷን የሚበላት ይሄ ነበር።

በማግስቱ ታላቅ ወንድሟ አንድ ጥቅል አዲስ ፕላስቲክ ተሸክሞ ከች አለ። የእብነ በረድ መልክ ያለው፣ ፊት የሚያሳይ ነገር ነው። ጫፉን ዘርጋ ከማድረጉ አባትየው በሳል ታፈኑ።

«ልጆች፣ የማን ጎማ ነው የሚቃጠለው?»

«ሽታው በሳምንት ይጠፋል አባዬ። ደግሞ በኮላ ሲለጠፍ ጠርዙ አይነሳም» አለ ወንድሟ።

«ኮላው ደግሞ የባሰ ይሸታል» አለች እሷ። «አንተ አይተኸው ወደ ቤትህ ትሄዳለህ፣ አባዬ ሲተነፍሰው ይውላል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ጥቅልልህን ይዘህ ሂድ፣ ወንድም ዓለም።»

ሴራሚክም አሰበች፤ ግን ውሃ ጠብ ሲልበት ለማያይ ሰው አደጋ ነው። አዲስ ጣውላ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ ታውቃለች። ወደ ሥራ ስትሄድ በየቀኑ የምታየው ኮረብታ እንደ ተላጨ ራስ ከሆነ ቆይቷል። ሰፈሩ «ሚሊሜትር» የሚለውን አናጢ ጠርታ ችግሯን ነገረችው። ሰውየው ያለ ሜትሩ ከቤት የማይወጣ፣ ወንበር እንኳ ለክቶ የሚቀመጥ ነው።

«ዛፍ ሳይቆረጥ ጣውላ ከፈለግሽ» አላት፣ «ያ አሮጌው የዱቄት መጋዘን እየፈረሰ ነው። ወለሉን ለማገዶ ሊሸጡት ነው።»

ከሥራ እንደወጣች አብራው ሄደች። የአፍራሾቹ አለቃ ክምሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ «እመቤቴ፣ ይሄ እንኳን ለቤት ለምንም አይሆንም» አላት። ሚሊሜትር አንዱን ጣውላ በቢላ ፋቀው። ከእድፉ ሥር ቀይ ዳማ የሆነ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ብቅ አለ። የነቀዘውንም አላለፈው፤ ከሦስት አንዱን እያወጣ ወደ ጎን ወረወረ። «ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ይሄ ግን ዝም ብሎ ተኝቶ ነው የነቀዘው» አለ።

ጣውላው ሳሎን ገብቶ፣ ከቤቱ አየር ጋር እስኪላመድ ሦስት ሳምንት ተነባብሮ ቆየ። ወንድሟ በመጣ ቁጥር «ቤተሰብ ነው ወይስ ጣውላ ነው የምትቀልቡት?» እያለ ይስቃል። እሷ አብራው ትስቃለች እንጂ ሐሳቧ ንቅንቅ አላለም።

ሊላግ በተነሳበት ቀን ነገር ተፈጠረ። ሚሊሜትር አሮጌዎቹን ሚስማሮች ነቅሎ ጨርሻለሁ ብሎ መላጊያውን ሲያነሳ፣ አባትየው ከወንበራቸው ተነስተው መጡ። እጃቸውን ጣውላው ላይ ቀስ እያደረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱ።

«ቆይ» አሉ። «እዚህ ጋ አንድ አለ።»

አናጢው ጎንበስ ብሎ አየ። ምንም የለም። በቢላው ጫፍ ቆፈር ሲያደርግ አናቱ የተሰበረ ሚስማር ቁጭ ብሎ አገኘው። ቢያልፈው ኖሮ የመላጊያው ስለት ይሸረፍ ነበር።

«አባባ፣ እንዴት አወቁት?»

«ሠላሳ ዓመት የሞተር ሕመም በመሪ በኩል ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ። እጄን ዓይኔ አላስተማረውም፤ ቀጣዩን አምጣ።»

ያን ቀን አሥራ አንድ ሚስማር አገኙ። አሥራ አንደኛው ሲገኝ የአባትየው ድምፅ ከመንገድ ይሰማ ነበር። ልጃቸው የታጠበ ሰሃን እንደያዘች በር ላይ ቆማ ቀረች። አባቷን እንዲህ ትእዛዝ ሲሰጡ ከሰማች ስንት ጊዜዋ!

ጣውላው ያለ ኮላ፣ በሚስማር ብቻ ተመታ። ቫርኒሽ በሚባል ነገር ፋንታ የተልባ ዘይትና ሰም ጠጣ። ዘይቱን በጨርቅ ያሹት ራሳቸው አባትየው ናቸው፤ የታመመው እጃቸው ድኖ ነበርና ማንም አልከለከላቸውም። ዘይቱ ሲደርቅ ጫማቸውን አውልቀው ያለ ምርኩዝ ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ ሄዱ።

በሳምንቱ ሚሊሜትር ሜትሩን ኪሱ ከትቶ መጣ።

«አባባ፣ በመጋዘኑ ጣውላ ሌላ ቤትም እንድሠራ ታዘዝኩ። ጣትዎን ላስቸግር መጣሁ። ነገ ይመችዎታል?»

አባትየው አገጫቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡ፣ ሥራ እንደበዛበት ሰው።

«ነገ እንኳ አልችልም» አሉ። «ልጄ ልንጠይቀው ወንድሟ ቤት ትወስደኛለች፤ ያንን ጎማውን እቤቱ ዘርግቶት ራስ ምታት ለቆበታል አሉ። ከነገ ወዲያ በጠዋት ና።»