ኻላ ዝም ሲሉ

ሰው ሁሉ ጢያራ ነው የሚላት፤ አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ። መብረሩንም በረረችዋ! ሃያ ዓመት እንኳን ሳይሞላት፣ በነፃ እንግሊዝኛ ላስተምር፣ እግረ መንገዴን ዓረብኛ ልማር ብላ፣ ማንንም ሳታማክር ወደ ዓረብ አገር ብድግ አለች። እናቷ ስትሰማ «አንቺ ልጅ፣ በሰው አገር ቢያምሽ ማን ውኃ ያቀብልሻል?» ብላ አለቀሰች። ጢያራ ሳቀችባት። የሚታመመው ሌላ ሰው ሊሆን እንደሚችል መቼ መጣላትና!

ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ሄዳ ልጆች ታስተምራለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከአከራይዋ ጋር ነው ጉዱ። አከራይዋ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ስኳር አለባቸው፤ ምላሳቸው ከመቀሳቸው ይሰላል። ገና በሩ ላይ «ኻላ በይኝ» አሏት፤ አክስቴ ማለት ነው። የልጅ ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ተወልደው ከእንግሊዝኛ ሌላ አይሰሙም። ስልክ ላይ ከነሱ ጋር ሁለት ቃል ማውራት ነው የኻላ ሕልም። ስለዚህ ተዋዋሉ፦ አንድ ሰዓት እንግሊዝኛ ብቻ፣ አንድ ሰዓት ዓረብኛ ብቻ። በእንግሊዝኛው ሰዓት ዓረብኛ ያመለጠው የራቱን ዕቃ ያጥባል!

ኻላ ደግሞ እልኸኛ ናቸው፤ አንድም ቀን አጥበው አያውቁም። ቃሉ አልመጣ ሲላቸው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ዝም ይላሉ እንጂ ንቅንቅ የለም። ጢያራም ዝም። ሥልጠና ላይ «ተማሪ ቃል ሲፈልግ አትቅደሙት፣ ታገሡት» ተብላለቻ። ለሷ እኮ ዝም ማለት ሞት ነው! ግን ቻለችው። እንዲያውም ጎበዝ አስተማሪ ሆንኩ ብላ ልቧ አበጠ።

የዚያን ዕለት እንደ ሁልጊዜው የስፌት መኪናውን መሀል አድርገው ፊት ለፊት ተቀመጡ። የእንግሊዝኛው ሰዓት ነው።

«እኔ ትናንት ገበያ ሄድኩ፣» አሉ ኻላ እየተንቀራፈፉ። «ገዛሁ... ገዛሁ...»

ዝም።

ጢያራ ፈገግ ብላ ጠበቀች። ኻላ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ወይኔ፣ ለአንድ ቃል እንዲህ መታገል! አለች በልቧ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ? እሷም ወርቋን እየቆጠረች ጠበቀች፣ ጠበቀች። ኻላ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱና በዓረብኛ የሆነ ነገር አጉረመረሙ።

«እህ! ዓረብኛ!» አለች ጢያራ ጣቷን እያወዛወዘች። «ዛሬስ ዕቃ አጣቢ አገኘሁ!»

ኻላ አልሳቁም። ዓይናቸው እሷን አልፎ ግድግዳውን ያያል። ከዚያ እጃቸው ከጠረጴዛው ተንሸራተተና ጭናቸው ላይ ዱብ አለ፤ የሌላ ሰው እጅ ነበር የሚመስለው።

ጢያራ ክው አለች።

«ኻላ?» ክንዳቸውን ነካች። ቀዝቅዟል፣ በላብ ርሷል። «ኻላ! ኧረ በናትዎ አይቀልዱብኝ! ኻላዬ!»

ይኼን ሁሉ በአማርኛ ነው የምትለፈልፈው። እንግሊዝኛውም ዓረብኛውም ብን ብሎ ጠፍቷል።

ስኳር ነው፣ ስኳሩ ነው! ጠዋት መርፌያቸውን ሲወጉ አይታለች። ግን ወርዶ ነው ወጥቶ? ምሳ በልተዋል? እሷ ትምህርት ቤት ነበረች፣ በምን ትወቅ! ጣፋጭ ልስጣቸው? ሰጥቼ ብገድላቸውስ? የሰው እናት እጄ ላይ ልትሞት ነው፣ አለች፤ እኔ ቁጭ ብዬ እየሳቅሁ!

በረንዳው ላይ ሮጣ ወጣች። ከታች ፀጉር አስተካካዩ ቤት አለ። በሩ ክፍት ነው፣ የመቀሱ ድምፅ ይሰማል። የምታውቀው ዓረብኛ በሙሉ ስለ ቲማቲምና ስለ አየር ጠባይ ነው። በዚያችው በተሰባበረች ዓረብኛ እንደ እብድ ጮኸች፦

«ኻላ ዝም! ኻላ ውኃ ፊት! ነዪ! ነዪ!»

ጢማሙ ፀጉር አስተካካይ እንደ ሴት «ነዪ» ሲባል ደንበኛው ከት ብሎ ሳቀ። እሱ ግን ቀና ብሎ ፊቷን አየ። አልሳቀም። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ መጣ፣ ሽርጡን እንደታጠቀ።

«በልተዋል?» አላት።

«አላውቅም! አላውቅም!»

ጉንጫቸውን መታ መታ አደረገ። ኻላ ቃተቱ። አፋቸው ላይ ውኃ ጠብ ቢያደርግላቸው ዋጡ። «መዋጥ ይችላሉ። ወርዶባቸው ነው፤ ወንድሜም እንዲሁ ያደርገዋል። ስኳር በጥብጪ፣ ቶሎ!»

ግማሹን ስኳር ወለሉ ላይ በተነችው። የቀረውን ብርጭቆ ውስጥ በጠበጠችው። የመጀመሪያው ማንኪያ በአገጫቸው ወረደ።

«ቀስ፣ ልታንቂያቸው ነው!»

ጌታዬ፣ ዕድሜ ልኬን ዕቃ አጥባለሁ፣ ብቻ አትውሰዳቸው! ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛው። ጉሮሯቸው ላይ አፈጠጠች። ደግሞ ማንኪያ። ደግሞ።

ከብዙ ማንኪያ በኋላ የኻላ ዓይን ዞረና ሽርጡ ላይ አረፈ።

«ይኼ ሰውዬ ቤቴ ምን ይሠራል?» አሉ በዓረብኛ፣ በቀጭን ድምፅ።

ፀጉር አስተካካዩ ሳቁ አመለጠው። «እንኳን ተመለሱ፣ እማማ። የሰፈሩን ነርስ ልጥራልዎት፤ አንቺ ምግብ ስጫቸው» ብሎ ወረደ።

ጢያራ መሬት ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

«ምሳ ለምን አልበሉም?»

«የዛሬውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ስለማመድ። ላስደንቅሽ ብዬ።»

«ቅድም ግን... በዓረብኛ ምን ነበር ያሉኝ?»

«‹አዞረኝ፣ ልጄ› ነው ያልኩሽ።»

ታውቀዋለች እኮ! በመጣችበት ሳምንት የተማረችው ነው። ስትሰማው ግን ዓረብኛ መሆኑን ብቻ ነው የሰማችው።

ኻላ ላባቸውን በመሐረብ ጠራረጉና ቀና ለማለት ሞከሩ። «ሰዓቱ አላለቀም፣» አሉ በእንግሊዝኛ። እልህ እኮ አይለቃቸው!

«አልቋል!» አለች ጢያራ በዓረብኛ። ከዳቦው ቆርሳ በእጃቸው አስያዘቻቸውና እንቁላል ልትጠብስ ወጥ ቤት ገባች። ክብሪቱ ሁለቴ ወደቀባት።

«ኻላ?»

«አለሁ።»

ዘይቱን ጠብ አደረገች። «ኻላ?»

«አለሁ አልኩሽ እኮ! ምን ሆነሻል?»

እንቁላሉን ሰበረች። «ኻላ?»

ዝም።

መጥበሻውን እሳት ላይ ትታ በረረች። ኻላ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ ጉንጫቸው በዳቦ ተወጥሮ፣ አንድ ጣት ወደ ላይ ቀስረው ቆይ ይሏታል።

መቆየት አልቻለችም። እጃቸውን ይዛ እስኪውጡ ድረስ ተንበርክካ ጠራቻቸው።