የሩዝ ገለፈት ጭስ

ጽጌሬዳ እንደ ወትሮዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፤ ለዶሮዎቹ የሩዝ ስባሪ በተነች፤ ያረመችውን የፈተና ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ከታ መኪናው ውስጥ ገባች። ቁልፉን ስታዞረው ሞተሩ ተነሣና እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መሪው እጇ ላይ ተርገፈገፈ። ሊጠፋ አለ፣ መልሶ ነፍስ ዘራ። ሁልጊዜ እንደምታደርገው እጇን መሪው ላይ አሳርፋ አምስት ደቂቃ ጠበቀችው። ሲሞቅ ጸጥ አለ።

ይህን መኪና ባሏ ዘመነ ነበር እንደገና የሠራው። ፍጥነት ይወድ ነበር። ሦስት ክረምት ሙሉ ግቢው ውስጥ ፈታታው፤ የሞተሩን ካምሻፍት ቀየረ፣ የአየር ማስገቢያውን በሰፊ ተካ፣ የጭስ መውጫውን ማርሚታ በገዛ እጁ በየደ። የደብረ ታቦርን ዳገት እንደ ፎገራ ሜዳ ያስወጣው ነበር። ታሞ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነ። መንቀጥቀጡ የመጣው ግን ባለፈው መኸር ነው።

"ጎረቤቱ የሩዝ መፈልፈያ የተከልሽ መስሎት እህል ጭኖ እንዳይመጣብሽ!" አላት አያልነህ፣ የዘመነ ታላቅ ወንድም፣ በሩ ላይ ቆሞ። "ነፍሱን ይማረውና ነካክቶ ነካክቶ አበላሸው። የጨመረውን ሁሉ አውልቀን እንደ ፋብሪካው እንመልሰው።"

"መጀመሪያ መሐመድዘይን ይየው፣ ጋሼ።"

የዘመነ ሥራ ተነቅሎ ጆንያ ውስጥ ሲገባ ማየት እንደማትችል ለማንም ነግራ አታውቅም።

መሐመድዘይን የወረታ አሮጌ መካኒክ ነው። መኪናውን ወደ ጋራዡ አምጪው አላላትም። "በሽተኛ የሚታየው በሚያመው ሰዓት ነው" ብሎ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ፣ ራሱ መጣ። ወናፍ፣ የላስቲክ ቱቦ፣ አንድ ቆርቆሮና ከመፈልፈያው ያፈሰውን ግማሽ ጆንያ የሩዝ ገለፈት ይዟል።

አያልነህ ሳቀ። "ሞተር ልትጠግን ነው ወይስ ማር ልትቆርጥ?"

"ማሩን ስታይ ዝም ትላለህ።"

መሐመድዘይን ሞተሩን አስነሣና ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። አጠፋው። ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን አራቱን ካንዴላ ፈትቶ ጨርቅ ላይ ደረደራቸው፤ ጫፋቸው ነጥቷል።

"አየር በዝቶበታል" አለ።

"ነካክቶ አበላሸው አላልኩም? ካምሻፍቱ ነው" አለ አያልነህ።

"ካምሻፍቱማ ቢሆን ሲሞቅ ይተወው ነበር? ይኼ ማለዳ ማለዳ ብቻ የሚሰርቅ ሌባ ነው።"

ካንዴላዎቹን መለሰ። ገለፈቱን ቆርቆሮው ውስጥ ለኮሰው፤ ሳይነድ ዝም ብሎ ጨሰ። ቱቦውን ከአየር ማስገቢያው ጋር ገጥሞ ጭሱን በወናፉ ቀስ እያለ ገፋው። ሦስቱም ኮፈኑ ላይ አጎንብሰው ጠበቁ። ካምሻፍቱ በኩል ምንም የለም። ከዚያ ሰፊው ማስገቢያ ከሞተሩ ጋር ከሚጋጠምበት ሥር፣ እንደ ፈትል የቀጠነ ጭስ ወጣ።

"ያዝኩህ!" አለ መሐመድዘይን።

ብሎኖቹን ፈታ። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ማሸጊያ፣ ጋስኬቱን፣ በቢላዋ ጫፍ አነሣውና ፀሐይ ላይ ገለበጠው።

"አላህ! ቁርበት እኮ ነው! ለዚህ ስፋት የሚሆን ገበያ ላይ ስላጣ ባልሽ የበሬ ቆዳ ዘይት አጠጥቶ ቆረጠ። ደርቆ ጫፉ ተሰንጥቋል። ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋና ክፍተቱን ይዘጋዋል፤ ሲበርድ ያስተነፍሳል።" የብሎን ቀዳዳዎቹን በጣቱ ዳሰሰ። "አንዷም አልተዛነፈችም። ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ እጅ የለኝም፣ መምህርት። ሌላው ሥራውማ የሚነካ አይደለም።"

አያልነህ ቁርበቱን ተቀብሎ አገላበጠው።

ጽጌሬዳ ድንገት ሳቀች። "የመኝታችን ቁርበት ጥጉ ጎድሎ ውሻው በላው ብዬ ደበደብኩት። ዘመነ ቆሞ ያየኝ ነበር!"

መሐመድዘይን ቁርበቱን መለኪያ አድርጎ ከወፍራም ላስቲክ አዲስ ቆረጠ። አሮጌው ከላስቲኩ ላይ ሲያነሣው እጁ ላይ ተፈረካከሰ።

ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጽጌሬዳ ተነሣች። ለዶሮዎቹ ስባሪ በተነች፤ መኪናው ውስጥ ገብታ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ሳይንገራገጭ ተነሣና በለሆሳስ ቀጠለ። እጇን መሪው ላይ አሳርፋ ቆየች፤ የምትጠብቀው ነገር አልነበረም። ከቁርበቱ በቀር የዘመነ ሥራ ሁሉ በቦታው ነው። ከእሱ ጋር የምትቆይበት የማለዳው አምስት ደቂቃ ግን የለም።