የሀሰን የጨው ሜዳ

«አንድ ሰው ይቀራል» አለች ዘሃራ። ለቀስተኞቹ ሴቶች ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

ባሏ ሀሰን በትኩሳት ሞቶ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በቀብሩ ላይ ሼሁ «የበደላችሁ ካለ አፉ በሉት፣ ይቅር በሉት» ብለው፣ የተገኘው ሁሉ አፉ ብሎታል። ከሀሰን ጋር የውጭ እንግዶችን የሚያስጎበኘው አስተርጓሚ ረታ ግን በሥራ ውቅሮ ስለነበር አልተገኘም። ዘሃራን እህል ያስጠላትም ይኸው ነው። ባሏ ሲዋሸው የኖረው ረታን ነው፤ የውሸቱን ጨው ደግሞ የሰባበረችው እሷ ናት።

ነገሩ የተጀመረው አምና፣ ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ መቀሌ ላይ የአንበጣ መከላከያ ስብሰባ ሲደረግ ነው። እንግዶቹ በዕረፍት ቀናቸው የጨው በረሃውን አይተው በዚያው ቀን እንመለስ አሉ። መንገድ መሪያቸው ሀሰን ከወሎ መጥቶ ስንት ዓመት ከአሞሌ ነጋዴዎች ጋር ወደዚያ የወረደ ሰው ነው፤ የብዙ ቀን መንገድ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። ግን እንግዳን አይሆንም ማለት አይችልበትም። ከከተማው በስተምሥራቅ ካለ ነጭ አፈር ሜዳ ከነአስተርጓሚያቸው ከረታ በመኪና አደረሳቸውና «ይኸው» አላቸው። በዋዜማው በበቅሎ ሄዶ የአሞሌ ስባሪ በትኖበት ነበር። እንግዶቹ እየለቀሙ በመሐረብ ቋጠሩ። ከዚያ ወዲያ ስብሰባ በመጣ ቁጥር ዘሃራ አሞሌ ልትሰብር ሙቀጫዋን ታወጣለች።

ዐሥር ሰዓት ገደማ ረታ ቆቡን በእጁ ይዞ ገባ። «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ሳይደላደል ዘሃራ ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ነገረችው፤ አንገቷንም ደፍታ ጠበቀች።

የረታ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰ ስትል፣ ለካ ሳቁን እያፈነ ኖሯል።

«እትዬ ዘሃራ፣ እኔ የመጀመሪያውን ቀን ነው ያወቅሁት። መሬቱን ብልሰው አፈር ነው። ለብቻው ወስጄ ብጠይቀው፣ ‹እነዚህን ሽማግሌዎች እውነተኛው በረሃ ባወርዳቸው ስንቱን እመልሳለሁ?› አለኝ። ከዚያ ወዲያማ አብረን ነው የዋሸነው። እሱ በአማርኛ፣ እኔ በእንግሊዝኛ።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ሰው አወቀብን ብላ ጨው መስበሯን ትተዋለች ብሎ ፈርቶሽ።»

«አፉ በለው እንግዲህ።»

«ብየዋለሁ። እሱም እኔን ይበለኝ።»

ዘሃራ ደረቷ ላይ ተቆልሎ የሰነበተው ሸክም ወረደላት። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አፈረች። የመቀሌዋ ልጅ ጎረቤቷ ዘኪያ በትግርኛዋ «አጆኺ» እያለች ስታጽናናት ቆይታ ጧት ያስቀመጠችላት ገንፎ አጠገቧ ቀዝቅዟል። በጣቷ ቆንጥራ ቀመሰችው።

«ጨው የለውም» አለች።

ተነሥታ ሀሰን ለሚቀጥለው ጉዞ ያዘጋጀውን የጨው ከረጢት ፈታች። አንዲት ስባሪ በጣቶቿ ፈርፍራ ገንፎው ላይ ነሰነሰችና መብላት ጀመረች።