የቲቸር ኸይሪያ ዓሦችና የጋሽ ዓለሙ ቆጣሪ

ጋሽ ዓለሙ ቤት ሲያከራዩ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። ሥራሽ ምንድን ነው፣ ስንት ሆናችሁ ነው የምትገቡት፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለሽ ወይ? ግቢው ውስጥ ቆጣሪው አንድ ነው፤ የሚያሞቅ ዕቃ ሁሉ ክልክል ነው፤ ካውያ እንኳ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ። ቲቸር ኸይሪያ ከደሴ ተመድባ ቦንጋ ስትመጣ ለሦስቱም በትክክል መለሰች። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ብቻዬን ነኝ፣ የማበስለው በከሰል ነው አለች። ስለ ዓሣ የጠየቃት የለም። ማን ይጠይቃል?

እኔ ከአጥሩ ወዲህ ያለሁ ጎረቤት ነኝ። ነቢዩ እባላለሁ፤ ስሜ ነው እንጂ ትንቢት አልናገርም። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ እንጀራዬ የውኃ ፓምፕና ጄኔሬተር መጠገን ነው። ስለዚህ ውኃና መብራት የነካካው ጣጣ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ ይመጣል።

ልጅቷ ከአዲስ አበባ ሰባት ዓሣ በላስቲክ ከረጢት ይዛ ነው በአውቶቡስ የመጣችው። ጣት አያህሉም፤ ጭራቸው ግን የነጠላ ጥለት ይመስላል። አርባ ሊትር የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ መስኮቱ ሥር አስቀምጣ ለቀቀቻቸው። ሰፈሩ ተራ ገብቶ ጎበኘ። የጋሽ ዓለሙ ባለቤት እትዬ አልጣሽ ለረጅም ጊዜ አጎንብሰው አዩና፦

"እና መቼ ነው የሚጠበሱት?" አሉ።

"አይበሉም እትዬ።"

"አይበሉም? ታዲያ ምን ይሠራሉ?"

"ይዋኛሉ።"

"እሱማ ጎጀብ ወንዝ ውስጥም ይዋኛሉ፤ ያውም ያለ ኪራይ" አልኩ እኔ። ሁሉም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ሲከርር ቤቱ ቀዘቀዘ፤ በአሥር ቀን ውስጥ አራቱ ሞቱ። ከጓሮ ስትቀብራቸው ጋሽ ዓለሙ ጃንጥላቸውን ይዘው አጠገቧ ቆሙ።

"ተይ ልጄ" አሏት። "ቦንጋ የቡናና የማር አገር ነው። ዓሣ ቤት ውስጥ አይኖርበትም።"

"ጋሽ ዓለሙ፣ እኔም እኮ የደሴ ሰው ነኝ፤ ምደባ ነው ያመጣኝ። እኔ ከለመድኩ እነሱም ይለምዳሉ።" አፈሩን በእግሯ ደፈጠጠችው። "ሦስቱ አይሞቱም።"

የተናገረችው ለማጽናናት አልነበረም፤ የዛተች ነው የሚመስለው።

በማግስቱ እሑድ ስልኳን ይዛ አጥሩ ላይ ተደገፈች።

"ጋሽ ነቢዩ፣ ፓምፕ ያውቃሉ አይደል?"

"ከወንዝ እስከ ተራራ ውኃ ያወጣ ፓምፕ ፈትቼ ገጥሜያለሁ።"

"ይኼ ከጠረጴዛ እስከ ጠረጴዛ ነው።"

አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ የሦስት ማጣሪያ ፎቶ ልኮላታል። አንደኛው ባልዲ ያህላል፤ ከገንዳው ውጭ ተቀምጦ ውኃውን በጎማ እየሳበ ይመልሳል። ሁለተኛው ከገንዳው ጀርባ ተንጠልጥሎ እንደ ትንሽ ፏፏቴ ያፈሳል። ሦስተኛው፣ እኔ እንኳ በእሱ ፈንታ አፈርኩ፣ ስፖንጅ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ የመሰለ ነገር፣ መሐሉ ላይ ቱቦ የገባበት።

"ይኼ ምን ያነጋግራል?" ጣቴን ባልዲው ላይ አሳረፍኩ። "ፓምፕ ማለት ጉልበት ነው።"

"ጉልበቱ እነዚህን ትንንሾች መስተዋቱ ላይ ይለጥፋቸዋል። ደግሞስ መብራት ሲሄድ?"

"መብራት ሲሄድማ ይቆማል።"

"እኮ! መብራት የማይሄድበት ሳምንት አይተው ያውቃሉ?"

እኔ ማጣሪያ ጉድፍ የሚይዝ ወንፊት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሷ እንዳስረዳችኝ የዓሣ ሽንት ለዓሣው መርዝ ነው፤ ያንን መርዝ የሚበሉ ዓይን የማያያቸው ደቂቅ ነፍሳት ማጣሪያው ውስጥ ይሰፍራሉ። ባልዲው ውስጥ ተዘግተው ሳለ መብራት ግማሽ ቀን ከጠፋ ታፍነው ያልቃሉ፤ መብራቱ ሲመለስ ፓምፑ ያንን ብስባሽ ዓሦቹ ላይ ይለቀዋል። ስፖንጁ ግን ገንዳው ውስጥ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል፤ አንዲት ትንሽ አየር መንፊያ ትበቃዋለች። ባትሪ ያላት አለች፤ መብራት ሲሄድ በራሷ ትነሳለች።

"እሺ፣ በስንት ቀኑ ነው በሳሙና የሚታጠበው?"

"በሳሙና ከታጠበማ ነፍሳቱም አለቁ፣ ዓሦቹም አለቁ። ከገንዳው በቀዳሁት በራሱ ውኃ ጨመቅ፣ ጨመቅ።"

"በቆሸሸ ውኃ አጥበሽ ጸዳ ልትይ? ይኼን እትዬ አልጣሽ እንዳይሰሙ።"

ቀጥላ ነጋዴው ዘንድ ደወለች፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"ቦንጋ ብርድ ነው አይደል እህቴ?" አላት። "ማሞቂያውን ሦስት መቶ ዋት ውሰጂ። አንዴ ትሰኪዋለሽ፣ ትረሺዋለሽ።"

"የምረሳው አልፈልግም። ገንዳዬ አርባ ሊትር ነው። ቤቴ ጠዋት ጠዋት አሥራ ስምንት ዲግሪ ነው፤ ሁለት ሳምንት ለክቻለሁ። ሃያ አምስት ካደረስኩት በቂዬ ነው። ሃምሳ ዋት ላክልኝ።"

"ሃምሳ ታንሳለች።"

"ሦስት መቶው አልጠፋ ብሎ ቢጣበቅ፣ አስተምሬ ስመለስ የዓሣ ሾርባ ነው የሚጠብቀኝ። ሃምሳዋ ብትጣበቅ ይሞቃቸዋል እንጂ አይቀቀሉም።"

ነጋዴው ሃምሳዋን ከስፖንጁና ከአየር መንፊያዋ ጋር ሊልክ ተስማማ። እኔም የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የነበረ ፎም ከቤቴ አምጥቼ፣ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ከገንዳው ጀርባና ጎን አስደገፍኩላት። ይኼን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ይመዝገብልኝ።

ረቡዕ ዕለት ዕቃው በጅማ በኩል በመጣ ሚኒባስ ደረሰ። ኸይሪያ ካርቶኑን አቅፋ ስትገባ ጋሽ ዓለሙ በሩ ላይ ነበሩ።

"ምንድን ነው?"

"ማጣሪያና ማሞቂያ።"

"ምን? ማን በርዶት ነው?"

"ዓሦቹ።"

ጋሽ ዓለሙ ሲናደዱ አማርኛቸው ያልቅና ወደ ካፊኖኖ ይሻገራሉ። ያን ቀን ተሻግረው ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ፣ "ሰው በማይሞቅበት ግቢ ዓሣ አይሞቅም!" ብለው ደመደሙ።

እሷ ወደ ክፍሏ ስትገባ ተከትያት፣ "ቀጭን የመስተዋት ቧንቧ ናት እኮ። የውኃ ሙቀት መለኪያ ናት ብትያቸው ማን ያውቃል?" አልኳት።

"እኔ አውቃለኋ! ተደብቄ አልሰካም፤ ተጣልቼ እሰካለሁ።"

ሰካች። ሐሙስ ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄድ ጋሽ ዓለሙ የክፍሏን ማብሪያ ከዋናው ሳጥን ላይ አጠፉ። መልሳ አበራች። ዓርብ ሌሊት ተኝታ ሳለች ደግመው አጠፉ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ውኃው አሥራ ስምንት ዲግሪ ሆኖ፣ ከሦስቱ ዓሦች አንዷ ገንዳው ሥር ተኝታ ክንፏን ብቻ ስታነቃንቅ አገኘናት።

ኸይሪያ ወጥታ በረንዳው ፊት ቆመች። "ጋሽ ዓለሙ፣ አንዷ እየሞተች ነው።"

"እኔ ምን ላድርግ? ወይ ማሞቂያሽን ንቀይ፣ ወይ በወሩ መጨረሻ ቤቴን ልቀቂ።"

"አልነቅልም። አልለቅም። ኪራዬን በቀኑ እከፍላለሁ። ማሞቂያዬ ስንት እንደምትበላ ሳያውቁ ነው የከለከሉኝ፤ ቆጣሪው ይፍረደን። እዚህ በር ላይ ከሚያበሯት አምፖል የበለጠ ከበላች፣ ዛሬውኑ ዓሦቼን ይዤ እወጣለሁ።"

እትዬ አልጣሽ ከኩሽና ብቅ አሉ። "ይኼማ ደኅና ነገር ነው። ዓለሙ፣ እሺ በላት እንጂ!"

በሚስት ፊት እንቢ ማለት ከባድ ነው። "እሺ" አሉ።

ቆጣሪው ቀይ መብራት አለው፤ ኤሌክትሪክ በተበላ ቁጥር ብልጭ ይላል። ብዙ ከተበላ ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ከተበላ ቀስ እያለ። የግቢውን ሁሉ ነገር አጠፋን፤ ቴሌቪዥኑን ነቀልን፤ ኸይሪያ የማሞቂያዋን ሶኬት በእጇ ይዛ ቆመች። ሁላችንም ቆጣሪው ላይ አፈጠጥን።

ብልጭ።

ጥቂት ቆይቶ፣ ብልጭ።

"ምንድን ነው ይኼ?" አለች ኸይሪያ። "ሁሉም ጠፍቶ የለ?"

"በቃ፣ በቃ፣ ተበላሽቶ ይሆናል" አሉ ጋሽ ዓለሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ተዉት። ሌላ ቀን እናየዋለን።"

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን ነገር ሲጣፍጥ መተው አልፈጠረብኝም። "የለም ጋሽ ዓለሙ!" አልኩ። "ሌባ ግቢዎ ገብቶ ሌላ ቀን ይባላል እንዴ? ዛሬ እጅ ከፍንጅ ነው የምንይዘው!"

"ነቢዩ፣ ተው ብዬሃለሁ።"

"አልተውም!"

ከቆጣሪው የወጡትን ገመዶች አንድ በአንድ መከተል ጀመርኩ። አንዱ ወደ ዋናው ቤት። አንዱ ወደ ክፍሎቹ። አንዱ ግን በጣሪያው ጠርዝ ሄዶ፣ አቮካዶው ቅርንጫፍ ላይ ተጠምጥሞ፣ አጥሩን ዘለለ። ከፊት ሆኜ እየመራሁ አጥሩን ዞርን፤ እትዬ አልጣሽና ኸይሪያ ከኋላዬ። ገመዱ የኔ ዕቃ ቤት ግድግዳ ውስጥ ገባ። በሩን ከፈትኩ። አሮጌው ፍሪጄ እያንጎራጎረ ተቀበለን።

እትዬ አልጣሽ መጀመሪያ ፍሪጁን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩ። "ሌባው ይኸው ተያዘ" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እናቴ ስታርፍ፣ ድንኳኑ የተተከለው በዕቃ ቤቴ በኩል ነበር። የኔ መስመር አልደርስ ሲል ጋሽ ዓለሙ ከኔ ሳቡ አሉ፤ ተሳበ። ለቅሶው ሲያበቃ ዕድሩ ድንኳኑን ቆጥሮ ወሰደ፣ አግዳሚውን ቆጥሮ ወሰደ፣ ብርጭቆውን ሳይቀር ቆጠረ። ገመዱ ግን የዕድር አይደለማ! ማንም አልነካው። እኔም ሐዘኔ ሲቀለኝ ፍሪጄን እዚያው ሶኬት ላይ ሰካሁ፤ የራሴ መስመር ነው ብዬ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ገመድ ስፈታ ስገጥም ኖሬ!

ጋሽ ዓለሙ ቀስ ብለው ደረሱ። ፊታቸው ላይ ምንም መገረም አልነበረም።

"ያውቁ ነበር?" አልኳቸው።

"ቆጣሪው የኔ አይደለም እንዴ? እንዴት አላውቅም!"

"ታዲያ ሁለት ዓመት ዝም ይባላል?"

"የለቅሶ ገመድ ነዋ። የእናትህ ድንኳን የበራበት ነው። 'ገመዴን መልስ' ልበል? ምን አፍ አለኝ?"

መሬት ብትከፈት በደስታ እገባ ነበር። እትዬ አልጣሽ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ነገሩ በዚሁ በርኅራኄ የሚያልቅ መሰለኝ፤ ኸይሪያ ግን አልለቀቀቻቸውም።

"ጋሽ ዓለሙ፣ ያደረጉት የትልቅ ሰው ነገር ነው" አለች። "ግን እስቲ ይንገሩኝ። ለሞተ ሰው ክብር ብለው ሁለት ዓመት ሙሉ የጎረቤት ቢራ አቀዘቀዙ..."

"ለስላሳም አለበት" አልኩ በቀጭን ድምፅ።

"...በሕይወት ላሉት ሦስት ነፍሶች ግን ሃምሳ ዋት አይገባቸውም? የቆጣሪው ሸክም የጋሽ ነቢዩ ፍሪጅ ነው፤ ቅጣቱ ግን ለኔ! እሱን መናገር ስላፈሩ እኔን ያስወጣሉ? እኔ ለቀስተኛ አይደለሁም፣ ተከራይ ነኝ። አሁን ሄጄ ልሰካ ነው። ይቁጠሩ።"

ፍሪጁን ነቀልኩ። ቆጣሪው ጸጥ አለ። ኸይሪያ ክፍሏ ገብታ ሰካች፤ ማሞቂያዋ ላይ ትንሿ ቀይ መብራት በራች።

ጋሽ ዓለሙ ሰዓት አያምኑም፤ ጊዜ የሚለኩት በጸሎት ነው። እንቁላላቸው እንኳ በአባታችን ሆይ ቁጥር ነው የሚቀቀለው። የመጀመሪያዋ ብልጭታ እንዳለፈች ባርኔጣቸውን አውልቀው ጀመሩ። አባታችን ሆይን ቀስ ብለው ጨረሱ፤ ምንም የለም። "በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል" ብለው ቀጠሉ፤ ጥቂት ሄደው ነው ቆጣሪው ብልጭ ያለው።

"ፈጥኜ ይሆናል" አሉ።

"ይድገሙት" አለች ኸይሪያ።

ደገሙት። ያው ነው። ማሞቂያው ተነቅሎ የበሩ ቢጫ አምፖል በራ፤ እንደገና ጀመሩ። "ከክፉ ሁሉ አድነን" ሳይሉ ቆጣሪው ብልጭ አለ። እትዬ አልጣሽ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ቢሆንም" አሉ ጋሽ ዓለሙ፣ "ደንብ ደንብ ነው።"

"ደንቡ ምድጃ ለሚጥድ ነው። ደግሞ ውኃው ሲሞቅላት በራሷ ታርፋለች፤ እንደ እርስዎ አምፖል እስኪነጋ አትፈጅም። ሰኞም ይቁጠሩ፣ ማክሰኞም ይቁጠሩ። የክፍሌን መብራት ቢያጠፉ መልሼ አበራለሁ። አልነቅልም።"

ገብታ መልሳ ሰካች።

እኔ ደግሞ ዋናውን ማብሪያ ለአፍታ አስጠፍቼ፣ ፒንሳዬን ይዤ አጥሩ ላይ ወጣሁ።

"ምን ልትሠራ ነው?" ጋሽ ዓለሙ ጮኹ። "ተው! ነውር ነው፣ የለቅሶ ገመድ ነው!"

"እናቴ ለፍሪጅ አልሞተችም" አልኩና ቆረጥኩት። እንዲህ መልሼላቸው አላውቅም ነበር፤ የአስተማሪዋ በሽታ ሳይጋባብኝ አልቀረም። ገመዱ አቮካዶው ሥር ወደቀ። መብራቱን መለስን።

ስወርድ ጋሽ ዓለሙ በረንዳው ላይ የሉም። ኸይሪያ ክፍል ውስጥ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አጎንብሰው በአፍንጫቸው የገንዳውን መስተዋት ሊነኩ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። ስፖንጁ አረፋ ይተፋል።

"የታመመችው የቷ ናት?"

"ከሥር ያለችው" አለች ኸይሪያ። ድምፅዋ ገና አልለሰለሰም።

"ውኃው ስንት ገባ?"

"አሥራ ስምንት ተኩል።"

"ገና ነዋ!" ወደኛ ዞር ብለው ተቆጡ። "ምን በር ላይ ተገትራችኋል? ግቡ ወይ ውጡ፤ ብርድ እያስገባችሁባቸው!"