ከመጋረጃው ጀርባ

ትንሽ ልጅ ፎቶ ሊያስነሱ የሚመጡ ወላጆች ያበሽቁኛል። ልጁን አጥበው፣ ቅባት ቀብተው፣ የዒድ ልብሱን እስከ አንገቱ ቆልፈው ያመጡና "ቀጥ በል! እንዳትንቀሳቀስ!" ይሉታል። ፎቶው ሲወጣ ደግሞ "ምነው ፊቱ እንዲህ ሆነ?" ብለው እኔን ይጠይቁኛል። እኔ ምን ላድርጋቸው?

ዘይባም ቡታጅራ ወዳለው ስቱዲዮዬ የመጣችው እንዲሁ ነው። ሁለት ዓመት የሆነውን ልጇን ናጃህን አዝላ፣ እህቷን ሃሊማን አስከትላ፣ ከእንሴኖ በጠዋቱ አውቶቡስ።

"ጋሽ አስረስ፣ ሐሙስ ጅዳ ልሄድ ነው፤ ለሰው ቤት ሥራ። አባቱ ከሞተ ወዲህ ሌላ መላ አጣሁ። ሲስቅ ያንሱልኝ። እዚያ የማየው እሱን ብቻ ነው" አለችኝ።

ሲስቅ ማለት ቀላል ነው። ወንበር ላይ ስናስቀምጠው ናጃህ እንደ ዳኛ ተኮሳተረ። ቁልፍ አንሿሿሁለት፣ ባርኔጣዬን አፍንጫዬ ድረስ ደፋሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ዶሮ ጮኽሁ። ሃሊማ ሳቀች እንጂ እሱ አልሳቀም። እናቱ "ሳቅ እንጂ የኔ ልጅ" ስትለው ጭራሽ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ልጅ የሚያየው የእናቱን ፊት ነው፤ የእሷ ልብ ደግሞ ቀድሟት ሄዷል።

የአንገቱን ቁልፍ ፈታሁለት። ጫማውን አውልቄ ምንጣፉ ላይ አወረድኩት።

"አንቺ ከመጋረጃው ጀርባ ተደበቂ፤ እቤት እንደምትጫወቱት" አልኳት ዘይባን።

ሐይቅና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ ነው። ሰው ሁሉ ጀርባውን ለሱ ሰጥቶ ነው የሚነሳው። ናጃህን ግን ፊቱን ወደ መጋረጃው አዙሬ እኔ ካሜራዬን ይዤ ከጎኑ ተንበረከክሁ።

"አኩኩሉ!" አልኩ።

"አልነጋም!" አለች ከጀርባው።

"አኩኩሉ!"

"ነጋ!" ብላ ብቅ ስትል ልጁ በሙሉ ሰውነቱ ሳቀ። አነሳሁት። ደግማ ተደበቀች፣ ደግሜ አነሳሁት። በሦስተኛው ግን ቶሎ አልወጣችም። መጋረጃው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሃሊማም አየች።

ያኔ የቀለም ፊልም የሚታጠበው አዲስ አበባ ተልኮ ነበር። ለሐሙስ እንደማይደርስ ስነግራት "ሌላ ሴት ስትሄድ ሃሊማ ትልክልኛለች፣ ኢንሻአላህ" አለች። ስትወጣ ልጁን ያዘለችው ሃሊማ ነበረች።

ፎቶው መጣ። እንደሱ ያለ የልጅ ፎቶ አንስቼ አላውቅም።

ሃሊማ ልትወስደው የመጣችው ክረምቱ ሲወጣ ነው፣ ናጃህን ይዛ። ዘይባ እንዴት ናት ብዬ ጠየቅኋት።

"ከሄደች ድምጿ የለም። የላካት ደላላም ጠፍቷል። አሁን ይሄን የት ብዬ ነው የምልከው፣ ጋሼ?"

ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ቀረች። ናጃህ በዚህ መሀል ምንጣፉ ላይ ወጥቶ፣ ያኔ የቆመባት ቦታ ላይ ቆሞ ነበር።

"አኩኩሉ" አለ መጋረጃውን።

ሃሊማ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ልጁ ጠበቀ። አላስቻለኝም፤ ከቆምኩበት "አልነጋም" አልኩት።

ያንኑ ሳቁን ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ከመጋረጃው ሳይነቅል መጠበቅ ጀመረ።